የጠፋውን ፕሮቲን መመለስ ይቻላል ወይ? ከለገጣፎ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ከለገጣፎ የጻፉልን አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ነው። የ61 ዓመት እናታቸው የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ ኬሞቴራፒውንም ጨርሰው አሁን በየቀኑ ታሞክሲፈን ይወስዳሉ። ውጭ አገር የሚኖሩት ወንድማቸው ደውለው «ካንሰርን የሚከላከለውን ፒ53 የተባለ ፕሮቲን የሚመልስ መድኃኒት እየመጣ ነው፤ እሱን ጠብቁ» ብለዋቸዋል። መምህርቷም ይህ እውነት እንደሆነ፣ ፕሮቲኑ ጠፍቶ ከሆነ እንደ ኢንሱሊን በመርፌ የማይሰጥበት ምክንያት ምን እንደሆነ፣ ከከተማው ዳር ለሚኖር ሰውስ ከዚህ ሁሉ ሳይንስ ዛሬ የሚደርሰው ነገር እንዳለ ይጠይቃሉ።

የተከበሩ መምህርት፣ ለእናትዎ ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክልዎ። ወንድምዎ የነገሩዎት ነገር መሠረት የለሽ አይደለም፤ ፒ53ን ወደ ሥራው ለመመለስ የሚደረግ እውነተኛ ምርምር አለ፣ በሰው ላይ እየተሞከሩ ያሉ መድኃኒቶችም አሉ። «ጠብቁ» ባሉት ግን አልስማማም። እስካሁን ለሕሙማን የደረሱትና ፒ53ን በመሰሉ ዕጢን የሚገቱ ፕሮቲኖች ዕውቀት የተመሩት መድኃኒቶች አብዛኞቹ የጠፋውን ፕሮቲን የሚተኩ አይደሉም፤ ፕሮቲኑ በመጉደሉ ምክንያት ዕጢው የግድ የተደገፈበትን ሌላ ነገር ፈልገው የሚነሡት፣ አለዚያም በዕጢው ውስጥ ሳይበላሽ የቀረውን ገቺ ፕሮቲን ሥራ ላይ የሚያቆዩት ናቸው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ከሁሉ በፊት በዚያች በአንዲት ታካሚ ዕጢ ውስጥ የትኛው ፕሮቲን እንደጠፋና የትኛው እንዳልጠፋ መታወቅ አለበት። የእናትዎም ጉዳይ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ዕጢ ገቺ የምንላቸው ፕሮቲኖች ሥራቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ከፊሎቹ ሕዋስ ያለጊዜው እንዳይከፋፈል ይይዙታል፤ ከፊሎቹ የተሰበረ ዲኤንኤ ይጠግናሉ፤ ሌሎቹ ከውጭ የሚመጣውን የእድገት መልእክት ያበርዳሉ ወይም ሊጠገን ያልቻለ ሕዋስ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋሉ። የሚያመሳስላቸው ጉዳቱ የሚመጣው ሲጎድሉ መሆኑ ነው። ይህን መጀመሪያ በቁጥር ያሳየው አሜሪካዊው ሐኪም አልፍሬድ ኑድሰን ነበር። ኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1971 (ዓ.ም ካላልሁ በቀር ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ባሳተመው ጥናት ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የዓይን ካንሰር የያዛቸውን 48 ሕሙማን መረጃ መረመረ። በዘር የወረሱት ሕፃናት ገና በጨቅላነታቸው፣ ብዙውን ጊዜም በሁለቱም ዓይኖቻቸው ሲታመሙ ያልወረሱት ግን ዘግይተውና በአንድ ዓይን ብቻ እንደሚታመሙ አየ። ከዚህም በመነሣት ካንሰሩ እንዲጀምር ከአባትና ከእናት የተወረሱት የአንድ ጂን ሁለት ቅጂዎች ሁለቱም መበላሸት እንዳለባቸው፣ በዘር የወረሰው ሕፃን ግን አንዱን አጥቶ እንደተወለደ ደመደመ። ጂኑ ራሱ በ1986 ተለይቶ ሲወጣ ግምቱ ትክክል ሆኖ ተገኘ። የዚያ ጂን ፕሮቲን አርቢ ይባላል፤ ወደ እናትዎ ስንመጣ ዋናው ባለጉዳይ እርሱ ስለሆነ ስሙን ይያዙልኝ።

የሁለቱም ቅጂዎች መበላሸት ለመድኃኒት ሠሪው ትልቅ ችግር ነው። በአፍ የሚወሰዱት የካንሰር መድኃኒቶች አብዛኞቹ ከአንድ ፕሮቲን ጋር ተጣብቀው ሥራውን የሚያግዱ ትናንሽ ሞለኪውሎች ናቸው። ከልክ በላይ የሚሠራን ፕሮቲን በዚህ መንገድ ማገድ ይቻላል፤ የሌለን ፕሮቲን ግን የሚያግድ መድኃኒት የለም።

እንግዲህ በመርፌ ስለመስጠት ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው። ኢንሱሊን ሥራውን የሚሠራው ከሕዋሱ ውጭ ቆሞ ነው፤ በሕዋሱ ገጽ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ይገናኛል፣ የቀረውን ሕዋሱ ራሱ ይጨርሰዋል። ፒ53 ግን የሚሠራው በኒውክለስ ውስጥ፣ በቀጥታ ዲኤንኤው ላይ ተቀምጦ ነው። 393 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትልቅ ፕሮቲን በመሆኑ በደም ቢሰጥ የሕዋሱን ሽፋን አልፎ አይገባም። ቢገባ እንኳ በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ዕድሜው በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው፤ ሕዋሱ ያለማቋረጥ እየሠራ ያለማቋረጥ ያፈርሰዋል። በዚያ ላይ ፒ53 ለብቻው አይሠራም። አራት አራት ሆኖ ተጣምሮ ስለሚሠራ፣ በዕጢው ውስጥ የተበላሸ ፒ53 ካለ ጤነኛው ከተበላሹት ጋር ተጣምሮ ሥራው ሊሰናከል ይችላል።

ፕሮቲኑን ትተው ጂኑን በቫይረስ አስጭነው ለማስገባት የሞከሩ አሉ። ቻይና ጀንዲሲን የተባለውን እንዲህ ያለ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2003 ለራስና አንገት ካንሰር ፈቅዳለች። ሕክምናው በቀጥታ ዕጢው ላይ የሚወጋ ነው። በሌላው ዓለም መደበኛ ሕክምና አልሆነም፤ የዚህ ዓይነቱ ሕክምና ትልቁ እንቅፋትም ቫይረሱ ወደ እያንዳንዱ የዕጢ ሕዋስ አለመድረሱ ነው። ያልደረሰባቸው ጥቂት ሕዋሳት ከቀሩ ዕጢው ከእነርሱ እንደገና ያድጋል።

ስለ ፒ53 ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኛ የዕጢ ናሙና በምንመረምርበት በፓቶሎጂ ክፍል ግን በማይክሮስኮፕ ሥር ሁልጊዜ የምናየው አንድ ነገር አለ። ፒ53 «ጠፋ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ከሕዋሱ ተነሥቶ ሄደ ማለት አይደለም። በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ፒ53 ኤምዲኤም2 የተባለ ፕሮቲን እንዲሠራ ያደርጋል፤ ኤምዲኤም2 ደግሞ መልሶ ፒ53ን እንዲፈርስ ያስረክበዋል። ስለዚህ ዲኤንኤው ጉዳት በሌለበት ሰዓት የፒ53 መጠን እጅግ አነስተኛ ሆኖ ይኖራል። በካንሰር ውስጥ በብዛት የሚገጥመው ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ከ393ቱ አሚኖ አሲዶች አንዱን ብቻ የሚለውጥ ነው። እንዲህ የተለወጠው ፒ53 ዲኤንኤው ላይ በትክክል መያያዝ ስለሚሳነው ኤምዲኤም2ን ማሠራት ያቅተዋል፤ የሚያፈርሰው ሲታጣም በኒውክለሱ ውስጥ ይከማቻል።

በዚህ ምክንያት ስስ ሆኖ የተቆረጠውን የዕጢ ናሙና ከፒ53 ጋር በሚጣበቅ ፀረ-አካል ስናቀልመው ሦስት መልኮች ይታያሉ። የዕጢው ኒውክለሶች ሁሉም ማለት ይቻላል ድፍን ጥቁር ቡናማ ከሆኑ የተከማቸው የተበላሸው ፒ53 ነው። አንዳቸውም ቀለም ሳይዙ በአጠገባቸው ያሉት ጤነኛ ሕዋሳት ግን ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከያዙ ጂኑ ተቆርጦ ፕሮቲኑ ጨርሶ አልተሠራም ማለት ነው። አንዱ ደመቅ፣ ሌላው ፈዘዝ፣ ሌላው ባዶ ሆኖ ተቀላቅሎ ከታየ ደግሞ ፒ53 ሳይበላሽ የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው። መብዛቱ የመበላሸቱ ምልክት መሆኑ ተመራማሪዎቹን ራሳቸውን ለዓመታት አሳስቷል፤ ፒ53 በ1979 ሲገኝ በካንሰር ሕዋሳት ውስጥ በብዛት ስለታየ ካንሰርን የሚያመጣ ፕሮቲን ተደርጎ ተቆጥሮ ነበር። መጀመሪያ የተጠኑት ቅጂዎች ሚውቴሽን ያለባቸው እንደነበሩና ጤነኛው ፒ53 በተቃራኒው ዕጢን የሚገታ መሆኑ የተረጋገጠው በ1989 ነው። ዛሬ በሰው ልጅ ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ግማሽ በሚያህሉት ውስጥ ተበላሽቶ እንደሚገኝ ይታወቃል።

ወንድምዎ የሰሙት ምርምር የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። የተበላሸው ፕሮቲን በሕዋሱ ውስጥ እስካለ ድረስ ቅርጹን አስተካክሎ ወደ ሥራው መመለስ በሐሳብ ደረጃ የሚቻል ነገር ነው። ከሁሉ ግልጽ የሆነው ምሳሌ 220ኛው አሚኖ አሲድ የተለወጠበት ፒ53 ነው። በዚያ ቦታ የነበረው ታይሮሲን በሲስቴይን ሲተካ በፕሮቲኑ ገጽ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይፈጠራል፤ በዚህም የተነሣ ፕሮቲኑ በሰውነት ሙቀት ቅርጹን መያዝ ያቅተውና ይዘረጋል። ሬዛታፖፕት የተባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ፕሮቲኑን ያጸናዋል፤ በሰው ላይ በተደረጉት ሙከራዎች የአንዳንድ ሕሙማን ዕጢ ሲቀንስ ታይቷል። ይህ እኔን በእውነት የሚያስደስት ሥራ ነው። ነገር ግን ይህ አንድ ለውጥ የሚገኘው ከካንሰሮች ሁሉ ከመቶ አንድ በሚሆኑት ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ ዓይነት የፒ53 ሚውቴሽን ላለባት ታካሚ ያ ጉድጓድ ስለሌለ መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ብዙ ዓይነት የተበላሸ ፒ53ን በአንድነት ያቃናል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ኤፕሬኔታፖፕት ደግሞ በአጥንት መቅኒ ሕመም ላይ በተደረገው የመጨረሻ ደረጃ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2020 የታሰበለትን ግብ ሳይመታ ቀርቷል። ፒ53 ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኤምዲኤም2 በዝቶ ለሚያፈርሰው ዕጢ፣ ኤምዲኤም2ን የሚያግዱ ሞለኪውሎች ከ2004 ጀምሮ እየተሠሩ ነው፤ እነዚህ ግን የጤነኛውን የአጥንት መቅኒ ፒ53 ጭምር ስለሚያስነሡ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት እየቀነሰ ያስቸግራል።

አሁን ወደ እናትዎ ልመለስ። ታሞክሲፈን የታዘዘላቸው ዕጢያቸው የሆርሞን ተቀባይ ስላለው ነው። በጡት ካንሰር በጠቅላላው ፒ53 የሚበላሸው ከሦስት ዕጢዎች በአንዱ አካባቢ ሲሆን፣ ብልሽቱ በይበልጥ የሚከማቸው የሆርሞን ተቀባዮችም ኸር-2 የተባለው የእድገት መልእክት ተቀባይም በሌሉበት ዓይነት ውስጥ ነው። የሆርሞን ተቀባይ ባለው ዓይነት ውስጥ ፒ53 ሳይበላሽ የሚገኝበት ጊዜ ይበዛል። እንግዲህ እናትዎ ፒ53ን የሚመልስ መድኃኒት እንዲጠብቁ ሲነገራቸው፣ ምናልባት ያልጠፋባቸውን ነገር የሚመልስ መድኃኒት እንዲጠብቁ እየተነገራቸው ነው።

በእንዲህ ያለው ዕጢ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ የሚገኘው ሌላው ገቺ አርቢ ነው። አርቢ ኢ2ኤፍ የተባሉትን፣ ሕዋሱ ዲኤንኤውን እንዲባዛ የሚያደርጉ ፕሮቲኖች ይዞ ያስቀምጣል። ሕዋሱ መከፋፈል ሲኖርበት ሲዲኬ4 እና ሲዲኬ6 የተባሉ ኢንዛይሞች ሳይክሊን ዲ ከተባለው ፕሮቲን ጋር ተጣምረው አርቢ ላይ ፎስፌት ይለጥፉበታል፤ በዚህ ጊዜ አርቢ የያዘውን ይለቃል። የሆርሞን ተቀባይ ባለው የጡት ካንሰር ውስጥ ኤስትሮጅን የሳይክሊን ዲን መጠን ከፍ ስለሚያደርግ አርቢ ፎስፌት እየተለጠፈበት ያለዕረፍት እንዲለቅ ይገደዳል። አርቢ ራሱ አልተበላሸም፤ ሥራውን እንዳይሠራ ተደርጓል። ታሞክሲፈን ከኤስትሮጅን ተቀባይ ጋር ተጣብቆ ይህን ግፊት ከሥሩ ይቀንሳል። ስለዚህ እናትዎ በየማለዳው የሚውጡት ያ ትንሽ ክኒን አንዱ የሥራው መንገድ አርቢን ነጻ ማውጣት ነው። ለአምስት ዓመት በትክክል የተወሰደ ታሞክሲፈን በእንዲህ ያለው የጡት ካንሰር በ15 ዓመት ውስጥ የሚያጋጥመውን ሞት በሦስተኛ እጅ ያህል እንደሚቀንስ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ድምር አሳይቷል። ዕጢ ገቺ ፕሮቲንን ወደ ሥራው የሚመልስ መድኃኒት ይምጣ ከተባለ፣ በዚህ መንገድ ከቤታቸው ገብቷል።

ከዚሁ መንገድ ዝቅ ብለው ሲዲኬ4 እና ሲዲኬ6ን በቀጥታ የሚያግዱ አዳዲስ መድኃኒቶችም አሉ። ፓልቦሲክሊብ በአሜሪካ በ2015 ተፈቀደ፤ ሪቦሲክሊብና አቤማሲክሊብ በ2017 ተከተሉት። የወር አበባቸው ባቆመና ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል በተሠራጨባቸው ሴቶች ላይ በተደረገ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ኤስትሮጅንን ከሚቀንሰው ከሌትሮዞል ጋር ሪቦሲክሊብ የወሰዱት መካከለኛ የመኖር ጊዜ 63.9 ወር ሲሆን ሌትሮዞልን ብቻ የወሰዱት 51.4 ወር ነበር። እነዚህ መድኃኒቶች ግን የሚሠሩት አርቢ ካለ ብቻ ነው። አርቢ የጠፋበት ዕጢ ኢንዛይሞቹ ቢታገዱም ባይታገዱም ግድ አይሰጠውም፤ ሕክምናውን ጀምረው ጥሩ ሲሄዱ ከቆዩት ሴቶችም በአንዳንዶቹ ዕጢው አርቢን በመጣል መድኃኒቱን ሲያመልጥ ታይቷል። ዋጋቸው ዛሬ ከአብዛኛው ቤተሰብ አቅም በላይ እንደሆነ ልደብቅዎ አልፈልግም። የእናትዎ በሽታ ባለበት ቆሞ እስካለ ድረስ ግን ስለእነዚህ አስፈላጊነት የሚወስነው የሚከታተላቸው የካንሰር ሐኪም ነው፤ ለሁሉም የሚታዘዙም አይደሉም።

እስካሁን የነገርኩዎ ስላለ ፕሮቲን ነው። በእርግጥ የጠፋ ፕሮቲን ሲኖርስ? እዚህ ላይ ነው ከሁሉ የተዋጣው ሥራ የተሠራው፤ ባለጉዳዮቹም ብራካ1 እና ብራካ2 ናቸው። ሁለቱ ጂኖች በ1994 እና በ1995 ተለይተው የታወቁ ሲሆን፣ ፕሮቲኖቻቸው የዲኤንኤው ሁለቱም ክሮች አንድ ላይ ሲበጠሱ ያለስሕተት የሚጠገኑበትን መንገድ ያካሂዳሉ። ፓርፕ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ደግሞ በአንዱ ክር ላይ ብቻ የሚደርሱትን ትናንሽ ቁርጠቶች ይጠግናል። በ2005 በእንግሊዝ አገር የነበሩ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች ብራካ በጎደለው ሕዋስ ውስጥ ፓርፕ ቢታገድ ሕዋሱ እንደሚሞት፣ ብራካ ያለው ሕዋስ ግን ብዙም እንደማይጎዳ አሳዩ።

ምክንያቱን ለተማሪዎችዎም ሊያስረዱበት በሚችሉበት መንገድ ልንገርዎ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት በእኛ ዳርቻ ሰፈር እያንዳንዱ ግቢ የቧንቧ መስመርና ሮቶ አለው እንበል። አንድ ሰው የሰፈሩን ሮቶ ሁሉ ቢያፈስ፣ ቧንቧው የሚሠራለት ግቢ ይንገላታ እንጂ ውኃ አያጣም፤ መስመሩ ከሥሩ የተቆረጠበት ግቢ ግን በዚያው ዕለት ይደርቃል። ፓርፕን የሚያግደው መድኃኒት የሚያፈሰው ሮቶውን ነው። ጤነኛው ሕዋስ ብራካ ስላለው ይተርፋል፤ ካንሰሩን ያስጀመረው ጉድለት ያለበት ሕዋስ ግን በዚያው ጉድለቱ ይሞታል። በሞለኪውሉ ደረጃ የሚሆነው፣ የታገደው ፓርፕ ዲኤንኤው ላይ ተይዞ ሲቀር፣ ዲኤንኤው በሚባዛበት ጊዜ ሂደቱ ከእርሱ ጋር እየተጋጨ ሁለቱም ክሮች ይበጠሳሉ፤ ያንን የሚጠግነው ብራካ ደግሞ የለም። በዚህ ዕውቀት የተሠራው ኦላፓሪብ በ2014 በአሜሪካ ለእንቁልጢ ካንሰር፣ በኋላም ለጡት፣ ለቆሽትና ለፕሮስቴት ካንሰር ተፈቅዷል። የጠፋውን ብራካ አልመለሰም፤ መመለስም አላስፈለገውም። እንዲያውም ዕጢው መድኃኒቱን ከሚያመልጥባቸው መንገዶች አንዱ ሁለተኛ ሚውቴሽን አምጥቶ ብራካን ራሱ መልሶ ማቃናቱ ነው።

ብራካ በዘር የሚተላለፍ ስለሆነ ጥያቄው እርስዎንም ይነካል። እናትዎ በ61 ዓመታቸው መታመማቸው ብቻውን የብራካ ምልክት አይደለም። ነገር ግን በእናትዎ ወገን ከ50 ዓመት በፊት የጡት ካንሰር የያዛት፣ የእንቁልጢ ካንሰር የነበራት፣ ወይም የጡት ካንሰር የያዘው ወንድ ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ። ጂኑ ከአባትም ስለሚወረስ የአባትዎን ወገን ለብቻው መጠየቅ ይገባዎታል። በእኛ ዘንድ አክስት «በማህፀን ሕመም» ሞተች ተብሎ ነገሩ በዚያው ስለሚዘጋ፣ ትልልቆቹን ቀረብ ብሎ ሆዷ አብጦ ነበር ወይ፣ ሆስፒታል ምን ተባለች ብሎ መጠየቅ ዋጋ አለው።

ከዚህ ሌላ በተመሳሳይ አካሄድ የተገኙትን በአጭሩ ልጥቀስ። ቪኤችኤል የተባለው ገቺ ሲጠፋ ሂፍ-2 የተባለ ፕሮቲን ሳይፈርስ እየተከማቸ የኩላሊት ዕጢን ያሳድጋል፤ ሂፍ-2ን የሚያግደው ቤልዙቲፋን በ2021 ተፈቅዷል። ፒቴን የተባለው ሌላ ገቺ ሲጠፋ ኤኬቲ የተባለው ኢንዛይም ከልክ በላይ ይሠራል፤ እርሱን የሚያግደው ካፒቫሰርቲብ በ2023 ለጡት ካንሰር የተፈቀደው ፒቴን ወይም በዚያው መንገድ ያሉ ሁለት ሌሎች ጂኖች መለወጣቸው በምርመራ ለተረጋገጠላቸው ብቻ ነው።

መምህርት ስለሆኑ ስለ ማህፀን በር ካንሰር አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልችልም። በዚህ ካንሰር ውስጥ የፒ53ም ሆነ የአርቢ ጂን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ኢ6 በተባለ ፕሮቲኑ ፒ53ን ያስፈርሳል፣ ኢ7 በተባለው ደግሞ አርቢን ይይዛል፤ አንድ ቫይረስ ሁለቱን ታላላቅ ገቺዎች በአንድ ጊዜ ያሳጣል። ኢ6ን እና ኢ7ን ለማገድ የሚደረገው ምርምር አስፈላጊ ቢሆንም፣ አገራችን ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በ14 ዓመት ልጃገረዶች ጀምራ የምትሰጠው ክትባት ቫይረሱ መጀመሪያውኑ ወደ ሕዋሱ እንዳይገባ በማድረግ ሁለቱንም ፕሮቲኖች ይጠብቃቸዋል። የክትባት ቡድን ወደ ትምህርት ቤትዎ ሲመጣ ወላጅ ልጁን የሚያስቀረው ክትባቱ ያመክናል የሚል ወሬ ሰምቶ ነው፤ ይህ ከእውነት የራቀ ነው። ለዚያ ወላጅ ከእኔ ይልቅ የእርስዎ ቃል ይሰማዋል።

ከከተማው ዳር ለሚኖር ሰው ዛሬ የሚደርሰው ነገር አለ ወይ ላሉት፣ አለ፤ የሚጀምረውም ናሙናው ከሚቀመጥበት ዕቃ ነው። ከሰንዳፋ፣ ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከገላን ወደ እኛ የሚመጣውን ናሙና ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የታካሚው ልጅ ወይም ወንድም ነው፤ ዕቃውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦ። አንዳንዴ ሙሉ ጡት አፉ ጠባብ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ ፎርማሊኑ ከሥሩ ብቻ ረግቶ ይደርሳል። ስንቆርጠው ውጩ ነጣ ብሎ ጠንክሯል፤ መሀሉ ግን ገና ቀይና ልፍስፍስ ነው፤ ፎርማሊኑ ሳይደርሰው መበስበስ ጀምሯል። እንዲህ ባለው ናሙና ላይ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ቢሠራ ተቀባዩ እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊወጣ ይችላል፤ ያቺም ሴት ሕይወቷን ሊያተርፍላት የሚችለውን ታሞክሲፈን ሳታገኝ ትቀራለች። ለፒ53ም፣ ለአርቢም፣ ለዲኤንኤ ምርመራም ያው ነው፤ የዓለም ምርጥ መድኃኒት ቢመጣ ለማን እንደሚሰጥ የሚነግረን ያ ሥጋ ብቻ ነው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ማስተካከያው ውድ አይደለም። ናሙናው ከተወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር በመቶ በሆነና አሲድነቱ በተመጣጠነ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ ፎርማሊኑ ከናሙናው አሥር እጥፍ ይሁን፤ ትልቅ አካል ከሆነ ፎርማሊኑ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ይሰንጠቅ፤ በፎርማሊን ውስጥ የሚቆየውም ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይሁን። ናሙና የሚያደርስ ቤተሰብ ዕቃው ሰፊ መሆኑን፣ ፈሳሹ ሥጋውን ሙሉ በሙሉ መሸፈኑን፣ ናሙናው የተወሰደበት ሰዓት መጻፉን የመጠየቅ መብት አለው። አርብ ከሰዓት ተወስዶ እስከ ሰኞ ቤት ውስጥ የሚያድር ናሙና አይኑር።

ለእናትዎ ግን ይህ ያለፈ ስለሆነ አሁን የሚከተለውን ያድርጉ። ምርመራው የተሠራበት ላቦራቶሪ የእናትዎን ናሙና በፓራፊን ሰም ውስጥ ያስቀመጠበት ብሎክ አለ፤ በአግባቡ ከተቀመጠ ከዓመታት በኋላም ሊመረመር ይችላል። ላቦራቶሪው ብሎኩን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆይ ይጠይቁ፤ የፓቶሎጂ ውጤቱን ኮፒ ከብሎኩ ቁጥር ጋር ቤትዎ ያኑሩ። ውጤቱ ላይ የኤስትሮጅንና የፕሮጀስትሮን ተቀባይ በመቶኛ፣ የኸር-2 ውጤትና የዕጢው ደረጃ መጻፋቸውን ያረጋግጡ፤ ከጎደለ ሐኪሙ ከዚያው ብሎክ እንዲሠራ ማዘዝ ይችላል። በእናትዎ ዕድሜ ታሞክሲፈን ይሻላል ወይስ እንደ አናስትሮዞል ያለው ሌላው መድኃኒት የሚለውን በሚቀጥለው ቀጠሮ ያንሡ። «ፒ53ን ያነቃቃል» እየተባለ በየስልኩ የሚሸጠውን ዱቄትና ጠብታ አይግዙ፤ እንዲህ ያደርጋል ተብሎ በሰው ላይ የተረጋገጠ አንድም የለም፣ ከታሞክሲፈን ጋር ሊጋጭ የሚችልም አለ።

ወንድምዎም ማገዝ ከፈለጉ የሚያግዙበት መንገድ አለ። ታሞክሲፈን አልፎ አልፎ ከመድኃኒት ቤት ይጠፋል፤ እናትዎ ጨርሰው ሳይሆን ገና የአንድ ወር ሲቀራቸው እርስዎ ፈልገው ካጡ፣ በሐኪሙ ማዘዣ ከዚያ ገዝተው እንዲልኩ አሁኑኑ ተነጋገሩ። ክኒኑ የሚወሰደው በየቀኑ፣ ሐኪሙ እስካዘዘው ዓመት ድረስ ነው፤ ደህና ነኝ ተብሎ ወይም አዲስ መድኃኒት ይመጣል ተብሎ አይቋረጥም።